ራቭፎር ሃይብሪድ ወይስ ሲአርቪ ቱርቦ፦ ሦስት ልጆች ላሉት ቤተሰብ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ "ሦስት ልጆች አሉን፤ 9 ዓመት፣ 6 ዓመትና 10 ወር። ያገለገለ ኤስዩቪ ልንገዛ ነው። ሁለት መኪና ለይተናል፤ የ2019 ቶዮታ ራቭፎር ሃይብሪድና የ2019 ሆንዳ ሲአርቪ 1.5 ቱርቦ። ሁለቱም ፎር ዊል ናቸው። ዋጋቸውም የሄዱት ኪሎሜትርም ይቀራረባል። የዕለት ተዕለት ጉዟችን ትምህርት ቤትና ሥራ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ኪሎሜትር አያልፍም። በወር አንድ ሁለቴ ረጅም መንገድ እንወጣለን፤ ከፊሉ ጠጠር ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናቴም አንዳንዴ አብራን ትሄዳለች። ባለቤቴ ሲአርቪውን ወዳዋለች፤ ሰፊ ነው ትላለች። እኔ ወደ ራቭፎሩ አደላለሁ፤ ግን የሃይብሪድ ባትሪ በ5 ዓመት ይሞታል እያሉ ያስፈሩኛል። ከፍ ያለ መኪና እስከሆነ ድረስ ደህንነታቸው ያው አይደለም? የቱን ልግዛ?"

ምላሽ፦ መጀመሪያ ሰው እንቁጠር። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ሦስቱ ልጆች አምስት ናችሁ። እናትዎ ሲጨመሩ ስድስት ትሆናላችሁ። ራቭፎሩ የአምስት ሰው መኪና ነው። ሲአርቪ በአንዳንድ አገሮች ባለ ሰባት መቀመጫ ሆኖ ተሽጧል፤ አብዛኛው ግን እሱም ባለ አምስት ነው። "ሕፃኑን እናቴ ታቅፈዋለች" የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ይተዉት። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን፣ በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና ስትጋጭ፣ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ክብደት ያህል ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። ያንን የሚይዝ ክንድ የለም። እናትዎ በሚመጡበት ቀን ከቤተሰቡ አንድ ሰው የሚቀር ከሆነ ወይም በሁለት ዙር መሄድ ከቻላችሁ ችግር የለም። ስድስት ሆናችሁ አዘውትራችሁ የምትጓዙ ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዉና ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ፈልጉ። "አንዳንዴ" ስላሉ፣ የመጀመሪያው ነው ብዬ ልቀጥል።

"ከፍ ያለ መኪና እስከሆነ ድረስ" ያሉት ልክ አይደለም። ከፍታ ደህንነት አይሰጥም። መንገዱን ከላይ ስለሚያዩት ልብዎ ይረጋጋል እንጂ፣ የመኪናው ክብደት ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ጥምዝ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከኮፈኑ ፊትና ከኋላ የማይታየው ቦታም ይሰፋል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኋላ ካሜራው በትክክል መሥራቱን ሳያዩ አይግዙ። ፎር ዊልም ቢሆን መኪናውን ለማንቀሳቀስ ነው የሚረዳው። ለማቆም አይረዳም። ፍሬን ሲይዙ ሥራው የፍሬኑና የጎማው ነው።

የሁለቱ ደህንነት ያው ነው የሚለውም እንደ ፈተናው ይለያያል። በ2019 የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታሽ፣ ዩሮ ኤንካፕ፣ ለሁለቱም አምስት ኮከብ ሰጥቷል። በ2022 መጨረሻ ላይ ግን በመድን ድርጅቶች ገንዘብ የሚተዳደረው የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም አዲስ ፈተና ይዞ መጣ። ከሾፌሩ ጀርባ፣ በኋላው ወንበር ላይ፣ የ12 ዓመት ልጅ ወይም አጭር ሴት የሚያህል አሻንጉሊት አስቀምጦ መኪናውን አጋጨ። ከ15 ትንንሽ ኤስዩቪዎች "ጥሩ" ያገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ። ራቭፎር ከእነሱ ቀጥሎ "ተቀባይነት ያለው" ተባለ። ያን ጊዜ የነበረው ሲአርቪ፣ እርስዎ ያዩት ትውልድ ማለት ነው፣ "ደካማ" ከተባሉት ውስጥ ገባ። ብዙ ታዋቂ መኪኖች አብረውት ወድቀዋል፤ ስለዚህ ሲአርቪ አደገኛ መኪና ነው አልልም። ሕፃኑን በራሱ ወንበር ላይ በትክክል ካሰሩት ይህ ፈተና እሱን ያን ያህል አይመለከተውም። የ9 ዓመቱ ልጅ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ያለ ድጋፍ ወንበር (ቀበቶው እንዲገጥመው ልጁን ከፍ የሚያደርገው ማለት ነው) በመኪናው ቀበቶ ብቻ ይቀመጣል። ፈተናው የሚያወራው ስለ እሱ ነው። እኔ ይህን እንደ ቀላል አላየውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ምርጫውን የሚወስነው የጻፉት አንድ ቁጥር ነው፤ 6 ኪሎሜትር።

የሲአርቪው 1.5 ቱርቦ፣ ማለትም አየር በኃይል እየተገፋ የሚገባለት፣ 190 የፈረስ ጉልበት ያለው ጎበዝ ሞተር ነው። ረጅም መንገድ ላይ ደስ ይላል። ድክመቱ አጭር ጉዞ ነው። ይህ ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ለተወሰነ ጊዜ ከሠራ ቤንዚኑ ይተናል፣ ችግሩም ያልፋል። 5 እና 6 ኪሎሜትር ሄዶ የሚቆም፣ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ቀዝቃዛውን የሚነሳ ሞተር ግን ለዚያ አይበቃም። ቤንዚኑ በዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይቱ ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት በሚገባ አይለይም።

ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። በ2018 ሆንዳ በዚሁ ጉዳይ ቻይና ውስጥ የሲአርቪን ሽያጭ ለጊዜው አቁሞ ነበር። አሜሪካ ውስጥም ለ2017 እና ለ2018 ሥሪቶች የሞተሩን ዋስትና አራዝሟል። በጣም የሚጎዱት ብርድ አካባቢ አጭር መንገድ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ሞቃት ቦታ የሚኖር፣ በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ላያውቀውም ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ በዚህ ሞተር ላይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ቶሎ ሄደብን የሚሉ ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሞተሩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የእናንተ ቀን ለእሱ አይስማማውም ማለቴ ነው።

የራቭፎሩ 2.5 ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው፣ ቱርቦ የለውም። ቤንዚኑን በሁለት መንገድ ነው የሚረጨው፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ፣ ሌላው ከቫልቩ በፊት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በዝግታ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ይንፏቀቃል። ፍሬን በያዙ ቁጥር በሙቀት ይባክን የነበረውን ጉልበት መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል፤ በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራውም ይበረክታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሌሉት ዕቃዎች ብዛት ነው። ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። እንደ ሲአርቪው በቀበቶና በፑሊ የሚሠራ ካምቢዮም የለውም። የራቭፎሩም ካምቢዮ እንደ ሲአርቪው ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው ካምቢዮ) ይባላል፣ ግን ስሙ ነው የሚያሳስተው፤ ውስጡ ጥርሳቸው ሁልጊዜ የተያያዘ ማርሾችና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። "ሃይብሪድ ውስብስብ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል" የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ ይወድቃል።

የነዳጅ ልዩነቱን በቁጥር ልስጥዎ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ ሲአርቪው ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎሜትር 8.7 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ራቭፎሩ 5.7 አካባቢ ነው። ከተማና ረጅም መንገድ ሲቀላቀል 8.1 እና 5.9 ይሆናል። በዓመት 15 ሺህ ኪሎሜትር ከነዱ ከ300 ሊትር በላይ ነው የሚተርፍዎት። በ6 ኪሎሜትር ጉዞ ግን ሁለቱም ከዚህ በላይ ይጠጣሉ፤ ሃይብሪዱም ሞተሩን ለማሞቅ ማስነሳቱ አይቀርም። ቁጥሩን ለማወዳደሪያ ይያዙት እንጂ ቃል እንደተገባልዎ አይቁጠሩት።

በ5 ዓመት ይሞታል ስለተባለው ባትሪ። ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ የማየው ከስልክ ባትሪ ጋር ሲቀላቀል ነው። ስልክዎን 100 ይሞሉታል፣ ዜሮ እስኪደርስ ይጠቀሙበታል። የሃይብሪድ ባትሪ እንዲያ አይደረግም። ኮምፒዩተሩ መሀል ላይ ነው የሚያቆየው፤ ጥግ ሞልቶ ወይም ጥግ ጎድሎ አያውቅም። የሚበረክተውም ለዚህ ነው። ቶዮታ ራሱ ከ2020 ሥሪት ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል። ያ ወደ 240 ሺህ ኪሎሜትር ነው። በ5 ዓመት የሚሞት ዕቃ ላይ ማንም ኩባንያ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። የ2019ኙ ሥሪት ዋስትና ግን ከዚህ ያጥራል፤ ዋስትናው እርስዎ ባሉበት መሥራት አለመሥራቱንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ባትሪው ግን ጠላት አለው፤ ሙቀት። የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በሚስበው አየር ነው። አየሩ የሚገባው ከኋላ ወንበር ሥር ባለ ወንፊት በኩል ነው፤ ማለትም የልጆቻችሁ እግር ሥር። ለምርመራ ከመጡልኝ ሃይብሪዶች ውስጥ የአንዱ ወንፊት በብስኩት ፍርፋሪ፣ በአቧራና በአንዲት ትንሽ ካልሲ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። ባለቤቱ መኖሩንም አያውቅም። የጠጠር መንገድ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ቶሎ ይዘጋል። ማጽዳቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሞተር ዘይት በቀየሩ ቁጥር ያስጸዱት፤ ቦርሳና ብርድ ልብስም እዚያ ጋ አይከምሩ።

ራቭፎሩን እንዲሁ ዓይንዎን ጨፍነው ይግዙት አልልም። የዚህ ትውልድ ፎር ዊል ሃይብሪድ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። ወደ ኋላው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄደው ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ መሰኪያው ይዝጋል። የሚብሰው በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭባቸው አገሮች ነው። ገመዱ በጣም ውድ ነው። መኪናው ከእንዲህ ያለ አገር የመጣ ከሆነ ሳያስመረምሩ እንዳይከፍሉ። ምርመራው የባለሙያ ሥራ ነው፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያለውን ማንኛውንም ገመድ እርስዎም የሰፈር መካኒክም አትንኩ፤ ይገድላል። ሌላው በ2019 እና በ2020 ሥሪቶች ላይ የታየው የነዳጅ ታንክ ችግር ነው። 55 ሊትር የሚይዘው ታንክ ሳይሞላ "በቃኝ" ይላል። ቶዮታ መፍትሔ አውጥቶለት ነበር፤ በዚያ መኪና ላይ መሠራቱን ይጠይቁ። አያቆምዎትም፣ ግን ረጅም መንገድ ላይ ያበሳጫል።

ፎር ዊል ስለሚሉት ነገር። በራቭፎር ስም ላይ 4 ስላለ ሁሉም ፎር ዊል ይመስላቸዋል። በፊት ጎማ ብቻ የሚሄዱ ራቭፎሮች ብዙ ናቸው፤ የሻጩን ቃል ሳይሆን ከመኪናው ሥር ይዩ። በሃይብሪዱ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለም። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ራሱን የቻለ 54 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሲአርቪው ዘንግ አለው፤ የፊቱ ጎማ ሲንሸራተት ኃይሉን በክላች ወደ ኋላ ያስተላልፋል። ሁለቱም ለእርጥብ መንገድ፣ ለጠጠርና ለቀላል ጭቃ ይበቃሉ። ጥልቅ አሸዋና ድንጋያማ ዳገት የሁለቱም ቦታ አይደለም። ለእናንተ ጠጠር መንገድ ከፎር ዊሉ ይልቅ ጎማው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ያለውን ይምረጡ። ራቭፎሩ 225/65፣ ሲአርቪው 235/65 ጎማ ያደርጋሉ፤ የጎማው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ሲመታው ይተጣጠፋል። የሚያምረው 19 ኢንች ቸርኬ ጠጠር ላይ ይጣመማል። ተለዋጭ ጎማ መኖሩንም ከፍተው ይዩ።

ስለ ስፋት ባለቤትዎ ልክ ናቸው። በውጭ ሲለኩ የሁለቱም ወርድ 1,855 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ናቸው። ውስጥ ግን ሲአርቪው ለኋላ ተሳፋሪ እግር የተወው ቦታ 6 ሴንቲሜትር ያህል ይበልጣል። ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር ሲገባ ይህ 6 ሴንቲሜትር ትልቅ ነገር ነው፤ ፊት የተቀመጠው ሰው ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን እሱ ይወስነዋል። የሲአርቪው የኋላ በር ደግሞ 90 ዲግሪ ሊሆን ምንም እስከማይቀረው ድረስ ይከፈታል። ለእናትዎ ጉልበት ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ዳገት ላይ የራቭፎሩ ሞተር ይጮኻል፤ ሲአርቪው ጸጥ ይላል። መቀመጫውም ይበልጥ ይመቻል። ጉዟችሁ አጭር መንገድ ባይበዛበት ኖሮ እኔም ከባለቤትዎ ጋር እስማማ ነበር።

የዕቃ ቦታውን በሊትር አያወዳድሩ። በአውሮፓ መለኪያ ራቭፎሩ 580፣ ሲአርቪው 561 ሊትር ነው። በአሜሪካው መለኪያ ሁለቱም ከ1,000 ሊትር ያልፋሉ፤ ያኔ ደግሞ ሲአርቪው ይበልጣል። አለካኩ ስለሚለያይ አሸናፊው ይገለበጣል። የሕፃኑን ጋሪ ይዘው ይሂዱና ይጫኑት።

ሦስቱን ልጆች ጎን ለጎን ማስቀመጥም እንዲሁ በወረቀት አይታወቅም። የሕፃን ወንበር የሚነክሰው የብረት መያዣ፣ አይሶፊክስ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በሁለቱ ዳር ብቻ ነው። መሀለኛው በቀበቶ ይታሰራል፤ በትክክል ከታሰረ ያው ነው። ሕፃኑ ቢያንስ እስከ 15 ወሩ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጥ፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ ደግሞ የተሻለ ነው። የ6 ዓመቱ ልጅ የድጋፍ ወንበር ያስፈልገዋል። የ9 ዓመቱም ቁመቱ ካልደረሰ እንዲሁ። ሦስት ወንበር በእነዚህ መኪኖች ስፋት የሚገባው ጠባብ ወንበሮች ከተመረጡ ነው። ያሏችሁን ወንበሮች ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹንም። አስቀምጧቸው፣ እሰሯቸው፣ በሩን ዝጉት። የቀበቶ መቆለፊያው በልጁ ወንበር ተሸፍኖ እጅ የማይደርስበት ከሆነ በየጠዋቱ ትጣላላችሁ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ራቭፎር ሃይብሪዱን ይግዙ፤ ግን ምርመራውን ካለፈ ብቻ። በሃይብሪድ መመርመሪያ ኮምፒዩተር ያስነብቡት፤ የባትሪው ክፍሎች ቮልቴጅ እርስ በርሱ መቀራረብ አለበት። የኋላው ገመድ መሰኪያ ይታይ። የወንበሩን መንሸራተቻ ብረት ሥር ይመልከቱ፤ ዝገት ወይም ደለል ካለ መኪናው ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የገባበት ሃይብሪድ በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ አይውሰዱት። በሻንሲ ቁጥሩም የኩባንያው የጥሪ ጥገናዎች፣ ጉድለት አግኝቶ መኪናውን መልሶ የጠራባቸው ማለት ነው፣ መሠራታቸውን ያጣሩ። አካባቢዎ ሃይብሪድ የሚያውቅ ባለሙያ ጨርሶ ከሌለ ያለ ሃይብሪድ የሚመጣውን ራቭፎር ይፈልጉ፤ ነዳጅ ይበላል፣ ግን እሱም ቱርቦ የለውም።

ሦስቱ ወንበሮች ራቭፎሩ ውስጥ እምቢ ካሉና ሲአርቪው ውስጥ ከገቡ ውሳኔው ይቀየራል። ያን ጊዜም ቱርቦውን አይደለም የምልዎት። ሲአርቪ ሃይብሪድ ይፈልጉ፤ 2.0 ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው ነው። የዕቃ ቦታው ትንሽ ይጠባል፣ የኋላ ወንበሩ ግን ያው ሰፊው ነው።

ከቱርቦው ሌላ ምንም ካላገኙ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ይሂዱ። የዘይት መለኪያውን ብረት ይምዘዙ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ መልሰው ይሰኩትና ይሂዱ። ንጹህ ከሆነና ከገዙት፣ የሞተሩን ዘይት በየ5 ሺህ ኪሎሜትሩ ይቀይሩ። "የዕድሜ ልክ ነው" ቢሏችሁም የሲቪቲውን ዘይት በሆንዳው ዓይነት ዘይት በየ40 ሺህ ኪሎሜትሩ ያስቀይሩ። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ቢያንስ ለ40 ደቂቃ በፈጣን መንገድ ይንዱት፤ በዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን የሚወጣው ያኔ ነው።